አጎዛው ላይ የተቀመጠው ሰዓት ገዢ

ጊዜን ፈጥሮ በአምስት ወቅት ላከበረልን ጌታ ምስጋና ይገባው፤ ሰላምና እዝነት በነቢያችን ላይ ይውረድ። ይህን ነገር ከአባቶች አፍ እንደሰማሁት፣ እንዳቅሜ ላውጋችሁ።

ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ቦታ አንድ የድሮ ከተማ ነበር። ጨው ከታች ይወጣል፣ እህል ከላይ ይወርዳል፣ ሁለቱም እዚያ ያድራሉ። በዚያ ከተማ የነጋዴዎች ሰፈር አንድ ልማድ ነበረ። በየሱቁ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ፊት፣ አጎዛ ይነጠፋል። ዕቃ የሚገዛ ሰው ቆሞ ይጠይቃል፣ ቆሞ ይከራከራል፣ ቆሞ ይገዛል። ምክር የሚፈልግ ግን ጫማውን አውልቆ አጎዛው ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ባለሱቁ ነጋዴነቱን ይተዋል፤ ለገዛ አባቱ እንደሚመርጥ አድርጎ ይመልሳል። «ቆሞ የጠየቀ ሸማች ነው፣ ተቀምጦ የጠየቀ አማና ነው፣ አደራ ነው» ይሉ ነበር። ልማዱን ያመጡት የቀደሙ የዲን ሊቃውንት፣ ዑለማዎች ናቸው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የውጭ ሰው ግን ከየት ያውቀዋል?

ሸህ ቃሲም በዚህ ሰፈር ሰዓት ሻጭም ጠጋኝም ነበሩ። ሱቃቸውና ቤታቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው መጋረጃ ብቻ። ከመጋረጃው ጀርባ ባለቤታቸው መሬማ ትቀመጣለች፤ ተስቢሕ ታደርጋለች፣ የሱቁንም ወሬ ትሰማለች። ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ነበር። የሰው ፊት በቅርብ ካልሆነ አይለይላትም። ሐኪሙም ወጌሻውም «እንግዲህ ዱዓ ነው» ብለዋታል።

መሬማ ሞትን አትፈራም ነበር። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዕባን ሳታይ ዓይኗ እንዳይዘጋ። ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ መካ የሚሄዱ ሑጃጆችን እስከ ከተማው በር ስትሸኝ ኖራለች። «ይቺ ዓይኔ ጥቁሯን ቤት አይታ ትዘጋ» ትል ነበር፣ «ከዚያ በኋላ ምን ላይባት ነው?»

በዚያ ዓመት ሸህ ቃሲም አንድ የከበረ ሰዓት ነበራቸው። የብር የኪስ ሰዓት ነው፤ ክዳኑ በእጅ የተቀረጸ፣ ቁልፉን ሲጫኑት ሰዓቱን በደወል የሚቆጥር። እንዲህ ያለ ሰዓት በከተማው ሁለት ብቻ ነው ያለው። አንዱ እሳቸው ጋ፣ ሌላው በመስጊዱ በር አጠገብ ሐጂ ጡሃ ሱቅ ውስጥ። «ይህች ከተሸጠች፣» ብለው ነበር ሸሁ ለመሬማ፣ «በአላህ ፈቃድ ከዘንድሮ ሑጃጆች ጋር እንወጣለን።» ሑጃጆቹ ስንቃቸውን አሰናድተው ጨርሰዋል። የቀረው ገዢ ነው።

ከዙህር ሶላት በኋላ ገዢው መጣ።

መሬማ መጀመሪያ የሰማችው ዱላውን ነው። ዱላው መሬቱን ይመታል፣ ቀጥሎ እግር ይጎተታል። ያነክሳል አለች በልቧ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሸሁ። አወል እባላለሁ፣ ከባሕሩ ዳር ነው የመጣሁት።»

«ወዓለይኩም ሰላም ልጄ። ምን እንታዘዝ?»

«የምትደውል ሰዓት። አባቴ አዛን የሚያደርግ ሙአዚን ነበር፤ አሁን ዓይኑ ጠፋ። ቤታችን ከመስጊድ ይርቃል፣ አዛን አይደርሰውም። የሚነግረው ሰው ሲያጣ ወቅቱ አለፈብኝ እያለ ያለቅሳል። ዋጋው አይገደኝም፣ ብቻ ደህናዋን ልውሰድለት ብዬ ነው።»

መሬማ ተስቢሑን አቆመች።

ሸህ ቃሲም ሰዓቱን አውጥተው ቁልፉን ተጫኑት። ደወሉ እንደ ጠብታ ውሃ ጠራ። ሰውየው «ሱብሐነላህ!» አለ።

«ከመግዛትህ በፊት እወቅ፣» አሉ ሸሁ። «ሞላው ተሰብሮ ነበር፤ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ደህና ይሠራል፣ ግን የተነካ ነው።»

«የነገሩኝ አንቱ ነዎት፣ ሌላው ቢሆን ይደብቀኝ ነበር። እኔ ወድጃታለሁ።»

ልብ በሉ። እዚህ ላይ የሸሁ ዕዳ ተከፍሏል። ነውሩን ተናግረዋል፣ ገዢው ሰምቶ ተቀብሏል። ሸሪዓው ከዚህ በላይ አይጠይቃቸውም። መሬማም ከመጋረጃው ጀርባ «አልሐምዱሊላህ» ብላ እጇን ፊቷ ላይ አሳለፈች።

ሰውየው ግን ጉልበቱን ያዘና «አይ ይቺ እግሬ!» አለ። ጫማው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። አጎዛው ላይ ዘፍ አለ።

«እፎይ! አሁን ይንገሩኝ ሸሁ። እዚያ መስጊዱ በር ላይ ያለችውንም አይቻታለሁ። ወድጄስ የአንቱን ነው፣ ልቤ ግን ሁለት ሆነብኝ። አባትዎ ቢሆን የት ይገዙለት ነበር?»

መሬማ ቀጥሎ የሰማችው ሸህ ቃሲም የሰዓቱን ክዳን ሲዘጉት ነው።

«እዚያ ግዛለት፣» አሉ። «የባሕሩ ንፋስ ጨው አለው። የተጠገነ ሞላ ጨው ይበላዋል። ዛሬ አይበላውም፣ ነገም አይበላውም፤ አንድ ቀን ግን ደወሉ ይሳሳታል። ዓይን ያለው ሰው ስሕተቱን አይቶ ያሠራዋል። አባትህ ግን ያምነዋል። ያለ ወቅቱ ይሰግዳል፣ ሳያውቅም ይኖራል። የሐጂ ጡሃ ሰዓት እጅ ያልነካው ነው፣ ክዳኑም ንፋስ አያስገባም። ለአባቴ ቢሆን እሱን ነው።»

«ሸሁ… የዚያ ሱቅ ሰውዬ እኮ ስለ አንቱ ደህና አላወራም። ‹የቃሲም ሰዓት መግሪብን ከዒሻ ጋር አንድ ላይ ያሰግዳል› ብሎ ሳቀብዎ።»

«ስለ እኔ ያለውን ሰምቻለሁ። ስለ ገዛ ሰዓቱ ግን አልዋሸህም።»

ሰውየው እጃቸውን ስሞ ወጣ። ዱላው በድንጋዩ መንገድ ላይ እየራቀ ሄደ። መሬማ ያን ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠችው፤ የሐጅ መንገዷ ሁሉ አብሮ ሲሄድ የሰማች መሰላት።

ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«ሸሁ! ሰውየው እኮ እግሩን አሞት ነው የተቀመጠ!»

«አውቃለሁ። ሲያነክስ አይቻለሁ።»

«የባሕር ሰው ነው፣ ስለ አጎዛው ምን ያውቃል? ወንበር ቢኖር ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር!»

«ልክ ነሽ።»

«ታዲያ ነውሩን ነግረኸው የለ? ተቀብሎህ የለ?» ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ አንቱ ስትላቸው የኖረች ሴት፣ በዚያን ቀን አንተ አለቻቸው። «ይቺን ዓይን ምን ልበላት? ቆይልኝ ልበላት?»

ሸህ ቃሲም አልተቆጡም። አጠገቧ መጡ፣ ፊታቸው እስኪለይላት ድረስ ቀረቡ። ጢማቸው ርሶ አየች።

«መሬማ፣ ተቀምጦ ጠየቀኝ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ወደ መጋረጃዋ ተመለሰች፣ አለቀሰችም። ሰው ናት። ሲያለቅሱ ደግሞ ነገር ይጠራል። ያ የባሕር ዳር ሽማግሌ ትዝ አላት። ሰው ሲያጣ ወቅቱ አለፈብኝ ብሎ የሚያለቅሰው። እሷም ሰሞኑን የደመና ቀን ሲሆን የዐስር ሶላት ደርሶ እንደሆነ ጎረቤት መጠየቅ ጀምራለች። ጨለማው ወዴት እየወሰዳት እንደሆነ ታውቀዋለች። ያ ሰው እዚያ ቀድሟት ደርሷል። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ የሚያምነው ድምፅ ቢኖረው፣ ያም ድምፅ ቢዋሸው… «አስተግፊሩላህ» አለች፤ ፊቷንም ጠረገች።

የዐስር አዛን ሳይወጣ ሌላ ሰው መጣ። ሱቁ በር ላይ ቆመ፣ አልገባም፣ ጉሮሮውን ጠረገ። መሬማ በሳሉ አወቀችው። ሐጂ ጡሃ ነው። ሸህ ቃሲምን «አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬ ስንት ሶላት አሳለፍክ?» ሳይል በዚያ በር አልፎ አያውቅም።

አሁን ግን ጫማውን አወለቀ። ገብቶ አጎዛው ላይ ተቀመጠ። ሐጂ ጡሃ በሸህ ቃሲም አጎዛ ላይ ሲቀመጥ ያ የመጀመሪያው ነው።

«እንግዳው ሰዓቴን ገዝቶ ሄደ» አለ። «ማን እንደላከው ነገረኝ። እንዴት እንደተቀመጠም ነገረኝ። ሳቀብኝ እንጂ ልማዱን አያውቅም፤ ‹እግሬን አሞኝ ነው› ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«እንግዲህ እኔም ተቀምጬ እጠይቅሃለሁ፣ ሸህ ቃሲም። ሰውየው አያውቅም። የሰፈሩ ሰው አላየም። መሬማ ደግሞ ዘንድሮ ልትሄድ እንደነበር አገር ያውቃል። ምን አስገደደህ?»

ሸህ ቃሲም መነጽራቸውን አወለቁ።

«እሱ የተቀመጠው ለድካሙ ነው፣» አሉ። «እኔ ግን እዚህ የተቀመጥኩት ለአላህ ነው።»

አዛኑ ሲወጣ ሐጂ ጡሃ «ተነስ ወንድሜ፣ በሰዓትህ እንሂድ» አለ፤ ሁለቱ አብረው ወደ መስጊድ ወረዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺን ቀልድ ከአፉ የሰማ የለም።

ሑጃጆቹ ወጡ። መሬማ በሸሁ ክንድ ተይዛ እስከ ከተማው በር ሸኘቻቸው፤ የግመሎቹን ቃጭል ሰማች እንጂ ግመሎቹን አላየችም። በቀጣዩ ክረምት ዓይኗ ጨርሶ ተዘጋ። በኋላ ከደጋ አንድ ባለጸጋ መጥቶ ሰዓቱን ሲጠይቅ፣ ሸሁ ሊሸጡለት አወጡት። ደጋ ነው፣ ደረቅ አየር ነው፣ ነገሩ ሐላል ነው። መጋረጃው ተገለጠና «አይሸጥም» አለች መሬማ። «የዓይነ ስውር ሰዓት ነው። እዚሁ ዓይነ ስውር አለች።» ሸሁም ከመኝታዋ ራስጌ ሰቀሉላት። በዚያ አገር አየር ሞላው አልዛገም። ቁልፉን ትጫናለች፣ ደወሉን ትቆጥራለች፣ ውዱእ ልትታጠብ ትነሳለች። ከዕባን ባለማየቷ ልቧ ያዝን እንደሆነ ሴቶች ሲጠይቋት «ቤቲቱን አላየኋትም፤ ወደሷ የምሰግድበትን ቂብላዋን ግን አልሳትኩም» ትል ነበር።

የሸሁን ቃል ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ነውሩን መናገር የንግድ ሐቅ ነው፤ እሱን ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ አላህ ይቀበላቸው። ሸህ ቃሲም ግን ሰውየው የጣለውን አማና አነሱ፤ ሰውየው መጣሉን እንኳ አላወቀም። ለካ አማና በባለቤቱ ዕውቀት አይለካም፤ በተሸካሚው ዕውቀት ነው። የማያውቅን ሰው ማታለል ቀላል የሚመስለን፣ ሁለት ብቻ የሆንን ስለሚመስለን ነው።

ዛሬ ሱቁ መስታወት ሆኗል፣ ሰዓቱም በብርሃን ተደርድሯል። ገዢው ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፤ የት ልግዛ ብሎ ይጠይቃል፣ የሚመልስለትም የሚሸጠው ሰው ነው። አጎዛው ተጠቅልሎ ተነስቷል። እንግዳው ግን አሁንም ደክሞት እየመጣ ነው።