ስምንቱ እንቅልፋሞች

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ የአውቶቡስ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። አንድ ሥራ ካዘዙ፣ እስኪያልቅ ድረስ በየአምስት ደቂቃው እየደወሉ «የት ደረሰ?» ይላሉ።

አንድ ቀን የትኬት ሰርቨሩን ከምትሠራው ፕሮግራመር ጀርባ ቆመው ስክሪኗን አዩ። ትሬድ በሚባሉት፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ትኬት በሚቆርጡት ስምንት የፕሮግራሙ ሠራተኞች አጠገብ «በመጠበቅ ላይ» የሚል ተጽፏል።

«እነዚህ ተኝተዋል እኮ!» አሉ።

«ደንበኛ ትኬት ሲጠይቅ ምልክት ይደርሳቸውና ይነሣሉ።»

«እኔ ባለሁበት ምልክት እየጠበቀ የሚተኛ የለም! ‹ሥራው የት ደረሰ?› እያሉ ያለማቋረጥ ይጠይቁ። ዛሬውኑ አስተካክዪ፤ አለዚያ መልቀቂያሽን አስገቢ።»

አስተካከለች። በማግስቱ የሰርቨሩን ጉልበት ስምንቱ ጠያቂ ትሬዶች በሉት። ማሽኑ እንደ ምድጃ ጋለ፤ አንድ ትኬት እንኳ ሳይቆረጥ ረፈደ። አቶ ደምመላሽ የቦርድ አባላቱን አስከትለው እየጮኹ ገቡ።

«አንቺ! ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ያዘዙኝን ነዋ» አለች፣ ከወንበሯ ሳትነሣ። «እስከ ትናንት ሠራተኞች ነበሩ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ግን ‹የት ደረሰ?› ከማለት በቀር ሌላ ሥራ የላቸውም። ስምንቱንም ሥራ አስኪያጅ አደረግኋቸው።»