ብርሃን ጠግቦ የከሳ ሣር

አንዲት ሴት በጣና ዳር፣ በጓሮዋ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ የዓሣ ኩሬ ነበራት። ባሏ ሲሞት የቀራት እሱ ነው። በውስጡ የውሃ ሣር ተክላለች፤ ሣሩ ካልለመለመ ዓሣዎቹ የሚተነፍሱት ያጣሉና።

ሣሩ ገረጣ። ሴትየዋ ቀና ብትል የማንጎው ዛፍ ጥላውን ጥሎበታል። «ብርሃን ነው ያጣው» አለች። ልክ ናት፤ ሣር ያለ ብርሃን ምን ይሆናል? ቅርንጫፉን አስቆረጠች። ፀሐይ እስከ ኩሬው ወለል ገባች።

ግን ሴትየዋ ጽዳት ወዳድ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷን ስትጠርግ ኩሬውንም ትጠርጋለች፤ ደለሉን፣ የበሰበሰውን ቅጠል፣ ሁሉንም። ዓሣዎቹንም «እናንተ ናችሁ የምታቆሽሹት! ሣሩ እስኪያገግም እዚህ ቆዩ» ብላ በርሜል ውስጥ ከተተቻቸው።

ሣሩ ለመለመ? አልለመለመም። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ዓሣዎች አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ ያዛጉ ጀመር። ሁለቱ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። ያን ጊዜ ደነገጠችና ጎረቤቷን፣ ሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ አያ ጫንያለውን ጠራች።

«አንቺ ውዴ፣ ጠበል ልታፈልቂ ነው እንዴ ውሃውን እንዲህ ያጠራሽው?» አሏት ኩሬውን አይተው።

«አይቀልዱ አያ ጫንያለው! ብርሃን ሰጠሁት፣ ንጹሕ ውሃ ሰጠሁት፤ ምን ጎደለው?»

«ምግቡ ነዋ! ዓሣው ተንፍሶ የሚያወጣውን፣ ከደለሉ የሚወጣውን፣ ያንን አየር ነው ሣር በብርሃን አብስሎ የሚበላው። የተማሩት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሉታል። አንቺ እሳቱን አንድደሽ ዱቄቱን ደፋሽው።»

«የሚያቆሽሹት እኮ እነሱ…»

«መልሻቸው፣ ቶሎ! ክርክሩ ከዳኑ በኋላ ይደርሳል።»

መለሰቻቸው። ሁለት ቅዳሜ እጇን እየበላት ደለሉን ሳትነካ አለፈች። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ ከሣሩ ቅጠል ትንንሽ አረፋ እንደ ዶቃ ተሰድሮ ሲወጣ አየች። ዓሣዎቹም ከሥሩ ይርመሰመሳሉ።

ይህን ምሳሌ የሰማችሁ፣ እናንተስ ልጆቼ? «ጌታ ሆይ፣ ብርሃንህን ላክልን» ትላላችሁ። ልኮላችኋል። ቃሉን ትሰማላችሁ፣ ትጾማላችሁ። ታዲያ ለምን ገረጣችሁ? «ጸሎቴን ይረብሻል» ብላችሁ ማንን ገለል አደረጋችሁ? ሌሊቱን የምታቃስተዋን አማት? ሰክሮ የሚመጣውን ወንድም? ትዕግሥት፣ የሚታገሡት ሰው በሌለበት ምን በልቶ ያድጋል? የሰው እስትንፋስ ይከብዳል፤ እውነት ነው፣ ይከብዳል። ብርሃኑ ግን የሚሠራው በዚያ ላይ ነው።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ማዕድ ይቀርባል። ጓዳ ገብቶ ለብቻው የሚበላ ሰው ካለ፣ እጃችሁን ከመታጠባችሁ በፊት ሂዱና ጥሩት።