አያ ጅቦ ያሰመረው መንገድ

አንድ ጊዜ በአራዊት አገር፣ በየዓመቱ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ ሲደርቅ፣ ጌታ አንበሳ ሁለት አውራ በጎች የሚያላትምበት የደስታ ቀን ነበረው። ዳለቻው በግ ከአንድ ጫፍ፣ ቡላው በግ ከሌላው ጫፍ ይንደረደራሉ። መካከል ላይ ሲገናኙ ግንባራቸው «ጓ!» ይላል፤ አቧራው ሰማይ ይነካል፤ ተመልካቹም በድንጋጤና በሳቅ እየጮኸ በየአቅጣጫው ይበታተናል። ይህን ቀን ከሁሉ አብልጣ የምትወድ እመት አህያ ነበረች። ሳቋን መያዝ አታውቅም፤ ገና በጎቹ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ጀምራ ትንፈራፈራለች።

ደስታውን የሚያበላሽ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጌታ አንበሳ ለእራቱ በሜዳው መካከል እንጨት ላይ የሚያሰቅለው የበሬ ሻኛ፣ አቧራው ሲጠራ የለም። በየዓመቱ ይሰቀላል፣ በየዓመቱ ይጠፋል። በዚያ አቧራ ውስጥ ማን ማንን ያያል?

«ዘንድሮ ዓይን ባያይ አመድ ይይልን!» አለች እመት ቀበሮ። ለጽድቅ ብላ እንዳይመስላችሁ፤ ከሻኛው ትራፊ ተስፋ ስለምታደርግ ነው። ሜዳው መካከሉ አፈር፣ ዙሪያው ጭንጫ ነበርና፣ በጭንጫው ላይ ጠባብ የአመድ ቀለበቶች አስነሰነሰች። አንዱ ከሌላው እየሰፋ እስከ ሜዳው ዳር ደረሰ። ለበጎቹ መንደርደሪያ ብቻ መንገድ ተተወ። ከመካከል ወደ ውጭ የሚሮጥ ሁሉ እያንዳንዱን ቀለበት ሲያቋርጥ አመዱ ላይ ጉድጓድ ይተዋል፤ በቀለበትና በቀለበት መካከል ግን ድንጋይ ነውና ምንም ምልክት አይቀርም።

«ዱካውን የማነበው እኔ ነኝ!» ብሎ አያ ጅቦ ብድግ አለ። «ከአያት ከቅድመ አያቴ የወረስኩት ሙያ ነው!»

የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ፣ ይኸው በሚያውቁት አገርም አላፈረም። ጌታ አንበሳም ለጅብ ሥጋ አደራ እንደማይሰጥ ዘንግቶ፣ «እሺ፣ አንብብ። ሌባው ከተገኘ ያንተ እራት ይሁን» አለው። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁ ጉልበቱ ላይ ተንጠባጠበ።

በጎቹ ተንደረደሩ። «ጓ!» አቧራው ተነሣ፤ ጥንቸሉም፣ ፍየሉም፣ ጦጣዋም ተበተኑ። እመት አህያ ጆሮዋን አጣጥፋ፣ እየሳቀች ሜዳው ዳር እስካለችው ዋርካ በረረች። አቧራው ሲጠራ ሁለቱ በጎች ዞሮባቸው ተቀምጠዋል።

«አሸነፍኩ እንዴ?» አለ ዳለቻው።

«ማንን?» አለ ቡላው።

ሻኛው የለም።

አመዱ ልል ስለነበረ ጉድጓዱ ሁሉ ተደርምሶ ኮቴውና መዳፉ አይለይም። አያ ጅቦ አፉን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ከሰል አነሣ፤ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ጭንጫው ላይ ማስመር ጀመረ። ዓይኑ ግን ጉድጓዱን አያይም፤ የእመት አህያን ዳሌ ነው የሚያየው። ከዚህ ወደዚያ ሳበው፣ ከዚያ ሰበረው፣ በጌታ አንበሳ መቀመጫ በኩል አሻግሮ ወደ እንጨቱ መለሰው፣ እንደገና ሰብሮ ዋርካው ሥር ጨረሰው።

«ይኸው! እመት አህያ ናት!» ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላ እንብላ ነው፤ ያያ ጅቦ መስመርም እንደዚያው ሆነ።

እመት አህያ ሐሞቷ ፈሰሰ። ልታለቅስ አፏን ስትከፍት የወጣው እንደ ልማዷ ሳቅ ሆነ። «ጌታዬ፣ እኔ... ሂ ሂ... እኔ ሣር በሊታ ነኝ፤ ሻኛ ምን ያደርግልኛል?»

«ለቅንጦት ሰርቀሽው ይሆናላ!» አለ አያ ጅቦ፣ ጥርሱን እያፋጨ እየቀረባት።

«ጌታዬ፣» አለች እመት ቀበሮ፣ «ከመበላቷ በፊት አያ ጅቦ ያሰመሩትን መንገድ ትሩጠው። ከተበላች በኋላ መሮጥ ያስቸግራታል።»

ጌታ አንበሳ ነገሩ ስለጣመው «ትሩጥ!» አለ። እመት ቀበሮም የፊተኛው ዱካ ከአዲሱ እንዳይደባለቅ በየጉድጓዱ ጠጠር አኖረችበት።

እመት አህያ ተነሣች። በመጀመሪያው መሰበሪያ ላይ የፊት እግሮቿ ታጠፉ፤ ዳሌዋ ግን ወሬውን ስላልሰማ ቀጥ ብሎ ሄደ። በሁለተኛው ላይ ተገለበጠችና አመዱ ውስጥ ተንከባለለች። ነጭ ሆና ተነሥታ መስመሩን ስትከተል ጌታ አንበሳ ፊት ደርሳ ቆመች።

«ጌታዬ፣ መስመሩ በራስዎ ላይ ያልፋል። ይፈቅዱልኛል?»

የጌታ አንበሳ ሪዝ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ጦጣዋ ከቅርንጫፏ ወደቀች።

«አሁን ደግሞ ያስደንግጡልኝ» አለች እመት ቀበሮ።

ጌታ አንበሳ አገሳ። እመት አህያ ዞራ አላየችም፤ ነፍሴ አውጭኝ ብላ ፈረጠጠች። ሜዳው ትንሽ ያዘቀዝቃልና መንገዷ ወደ ቁልቁሉ ጎበጥ አለ፤ ግን አንድም ቦታ አልተሰበረም።

«አያችሁ? የሯጭ መንገድ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም» አለች እመት ቀበሮ። ያያ ጅቦን መስመር በጅራቷ ጠረገችና፣ የማይሰበረውን ጉብጠት ብቻ እየተከተለች ጠጠሩን ከጠጠር አያያዘች። አንዱ መስመር ከመካከል ተነሥቶ ጥንቸሉ የቆመበት ደረሰ። ሌላው ፍየሉ ዘንድ፣ ሌላው ጦጣዋ ዘንድ። አንዱም ከመጀመሪያው ቀለበት እስከ መጨረሻው ሳይዛነፍ ዋርካው ሥር ገባ። እመት አህያ ያንን መስመር ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከሳቋ በፊት እንባ ሲመጣባት ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ታዲያ እነዚህስ?» አለ ጌታ አንበሳ። ከመካከሉ አጠገብ ባሉት ቀለበቶች ላይ ባለቤት ያጡ ጠጠሮች ቀርተዋል።

እመት ቀበሮ ከሰሏን ይዛ ቀስ እያለች አያያዘቻቸው። መስመሩ ከመካከል ወጣ፣ ተጠማዘዘ፣ ተመልሶም እንጨቱ ሥር ገባ።

«ጌታዬ፣ ሁሉም እየሸሸ ሳለ ይሄኛው ብቻ ተመልሷል። ከልቡ ሆዱ የበረታ ነው እንግዲህ።» አያ ጅቦን በጎን ዓይኗ ሰረቀችውና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ሦስተኛው ቀለበት ድረስ ሄዶ ነው የተመለሰው!»

«ውሸት!» ብሎ አያ ጅቦ ዘሎ ተነሣ። «እኔ ከሁለተኛው ቀለበት አላለፍኩም!»



እመት አህያ በአፍንጫዋ የገባው አመድ አስነጠሳት። «እንጥሽ!» ስትል ሳቋ አብሮ ፈነዳ፤ ጥንቸሉ ተቀበላት፣ ፍየሉ ተቀበለው፣ ሁለቱ በጎች እንኳ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ ሳቁ። አያ ጅቦ ግራ ቀኙን አየ። ሁሉም እሱን ነው የሚያየው። ጌታ አንበሳም ሳቁን ጨርሶ ቀስ ብሎ እየተነሣ ነው።

ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል ይባላል፤ ያን ቀን ግን ማነከሱንም ረስቶ ፈረጠጠ። ቀለበቱን ሁሉ እያቋረጠ፣ አንድም ቦታ ሳይሰበር፣ ከሜዳው ወጥቶ ጫካ ገባ።

«አያ ጅቦ!» ብላ ጮኸችለት እመት አህያ፣ አመዷን እያራገፈች። «ሦስተኛውን አሁን አለፉት!»

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላውን ዱካ በሆዱ እየተመራ የሚያያይዝ ሰው፣ ዞሮ ዞሮ የገዛ ራሱን መንገድ በገዛ አፉ እንደሚያሳይ ነው።