ሕመማቸውን የሸሸጉት ሽማግሌ

አንድ ደርሰህ የሚባሉ የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ድንበር የተጋፉትንና ትዳር ያወኩትን ሲያስታርቁ አርባ ዓመት ኖረዋል። በስተርጅና ግን ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ከአልጋ ጣላቸው። የአንድያ ልጃቸው ሠርግ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ምኞታቸውም ሙሽሮቹን በእግራቸው ቆመው መመረቅ ብቻ ነበር።

የማስታገሻ ሕክምና ነርስ፣ ሲስተር ብዙአየሁ፣ መመሪያዋን ይዛ እቤታቸው መጣች።

«አባባ፣ ዜሮ ምንም ሕመም የሌለበት፣ አሥር ከሁሉ የከፋው ቢሆን፣ የእርስዎ ስንት ነው?»

«ሁለት» አሉ፣ ወገባቸውን ለማቅናት እየታገሉ። ለእሳቸው «አመመኝ» ማለት በአደባባይ ካባን እንደ መጣል ነበር።

«ሁለት? በጥርስዎ የቀደዱትን ትራስ ትናንት የሰፋሁት እኔ አይደለሁ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ከጓዳ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ለምስክርነት አልተጠራሽም!»

ነርሷ ሳቀች። «እውነትዎን ነው፤ ለሕመምዎ ምስክሩ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለመሆኑ ያየውን የሚደብቅ ምስክር ሲመጣብዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

«አባርረዋለኋ! በሐሰት ቃል ፍርድ አይሰጥም።»

«በሐሰት ቁጥርም መድኃኒት አይለካም፣ አባባ። ይህ መመሪያ ለምን ዓይነት ሕመም ምን እንደሚሰጥ ይነግረኛል። የእርስዎን ሕመም ግን አያውቀውም።»

አዛውንቱ ወገባቸውን ለማቅናት መታገሉን ተዉና «ስምንት» አሉ። «ልነሳ ስል ደግሞ ዘጠኝ።»

ወይዘሮ አስካለ ከጓዳ እልልታቸውን አቀለጡት።

ነርሷ ቁጥሩን ብትነግረው፣ ሐኪማቸው ሞርፊን የተባለ የሚጠጣ ብርቱ ማስታገሻ አዘዘላቸው። «ይኼ ለሚሞት ሰው የሚሰጠው አይደለም?» ብለው ቢጠረጥሩ፣ ነርሷ «ለሚያመው ሰው ነው። ለሠርገኛም ይሆናል» አለቻቸው። ሕመሙ እስኪነሳ ሳይጠብቁ በታዘዘላቸው ሰዓት ወሰዱ፤ እሷም እየተመላለሰች ጠየቀች፣ መጠኑም በቃላቸው ልክ ተስተካከለ። በሳምንቱ ከዘራ ይዘው ደጃፍ ወጡ።

በሠርጉ ዕለት ቆመው መረቁ። ምርቃቱ ከመርዘሙ የተነሣ ሚዜዎቹ «አሜን» ማለት ደከማቸው። አልፈው ተርፈው ትከሻቸውን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ ቢያደርጉ፣ ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። ካንሰሩ አልዳነም፤ ስቃዩ ግን ለደስታቸው ቦታ ለቀቀ።

ሕመምን መሸሸግ ጀግንነት አይደለም፤ ሊረዳን የመጣውን ሰው እጁን ማሰር ነው። ባለሙያም ቢሆን መመሪያው ምንም ያህል ቢሟላለት፣ ሥራው የሚጀምረው ታማሚውን ጠይቆ ቃሉን ከማመን ነው። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ «ደህና ነኝ» እያለ ጥርሱን የነከሰ ሰው ይኖር ይሆን? ጠይቀኸዋልን?