የዶሮ ቅርጫ

እኛ ሰፈር ሁለት ሴቶች ጉልት ላይ አንድ እስር ጎመን ገዝተው ለሁለት ሲከፍሉ ያየ ሰው ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሲሰማት ስድብ ትመስለዋለች። ስድብ አይደለችም። ከሚሏት ሰዎች ግማሾቹ ከየት እንደመጣች አያውቁም፤ የሚያውቁት ደግሞ የዶሮዋን ክንፍ ማን እንደበላ አያውቁም። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው ደብረ ብርሃን፣ እኛ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው አራት ቤትና አንድ ማድ ቤት አለው። አንደኛው ቤት የእኔና የእናቴ ነው። ሁለተኛው የእትዬ ደብሪቱና የልጇ የስንዱ ነው። ሦስተኛው ውስጥ እትዬ ወይንሸት አለች፤ ባሏ ሾፌር ስለሆነ በዓልን የሚውለው መንገድ ላይ ነው። አራተኛው የጋሽ ማንደፍሮ ነው። ጋሽ ማንደፍሮ ድሮ ሉካንዳ ቤት ሥጋ ቆራጭ ነበሩ። አሁን አርጅተው ቁጭ ብለዋል፤ ሁለት ጥርስ ነው የቀራቸው፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እነሱም አይገናኙም።

ያን ዓመት ሁሉም ነገር ሽቅብ ወጣ። ሽንኩርት በኪሎ መሸጡ ቀርቶ በፍሬ ሆነ። ባለሱቁ ዘይት በስኒ እየለካ በፌስታል መቋጠር ጀመረ። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ከጤና ይስጥልኝ በፊት የሚያወራው ዋጋ ነው። እኛ ግቢ ግን ወሬው ቶሎ አለቀ። እናቴ አንድ ቀን «ስናወራው ይረክሳል እንዴ?» አለች፤ ይረክሳል ያለ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ባንድ ከሰል ሁለት ድስት እየተፈራረቀ ይጣድ ጀመር፣ ምስሩም ባንድ ላይ ይከካል፣ በርበሬውም ባንድ ላይ ይደለዛል። በጥቂት ጊዜ ተለመደ። ስንዱማ «እኔ ከድሮው ጎደለብኝ የምለው የድስት እጥበት ብቻ ነው» ትል ነበር።

እንቁጣጣሽ ሳምንት ሲቀረው ጋሽ ማንደፍሮ በረንዳቸው ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዘንድሮ ቅርጫ እንገባለን» አሉ።

«በሬው ከየት መጥቶ ጋሼ?» አለች እናቴ።

«በሬ ማን አለ? ዶሮ ነው።»

እትዬ ወይንሸት ልብስ እያሰጣች ነበር፤ በሳቅ ገመዱን ልትበጥሰው ምንም አልቀራት። «የዶሮ ቅርጫ! ኧረ በስማም! ዶሮዋ ራሷ ብትሰማ ሳትታረድ በሳቅ ትሞታለች። አራት ቤት ባንድ ዶሮ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ሽንኩርት ይገዛልሻል?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

«ምን በወጣኝ! እኔ ለራሴ ሙሉ ዶሮ አርዳለሁ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ ወጣች።

ከሰዓት ላይ ባዶ ፌስታሏን ይዛ ተመለሰች። ማንም ምንም አልጠየቃትም፤ ያልጠየቅናት አዝነንላት ነው፣ እኔ ግን ፊቷን ለማየት ሁለት ጊዜ በበሯ አለፍኩ። በማግስቱ ራሷ መጥታ ጋሽ ማንደፍሮ በር ላይ ቆመች።

«ለመሆኑ መደቡ ስንት ነው?»

«አራት። ለየቤቱ ሦስት ሦስት ብልት።»

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ስላላት ሒሳቡ ልክ ነው። ጋሽ ማንደፍሮም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሮዋን ዶሮ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። «ሰንጋው ተገዛ?» ይላሉ። «ሰንጋው ውሃ ጠጣ?» ይላሉ። ሰንጋው እንቁላል መጣል ያቆመች አንዲት ቀይ ዶሮ ናት።

በበዓሉ ጠዋት ታረደች። የአራቱ ቤት ሽንኩርት ባንድ ላይ ተከተፈ፣ በእትዬ ደብሪቱ ትልቅ ድስት ቁሌቱ ቆላ ቆላ ተደረገ፣ ወጡ እስከ እኩለ ቀን ተንተከተከ። እንቁላሉ አራት ነበር፤ ለየቤቱ አንድ። ሲበስል ጋሽ ማንደፍሮ አራት ጎድጓዳ ሳህን ደረደሩና በጭልፋ እያወጡ መደቡን ማስተካከል ጀመሩ። ቀለል አድርገው እንዳይመስላችሁ። ሉካንዳ ቤት እያሉ በሬ ሲመድቡ የነበሩትን ያህል ነው የተጨነቁበት።

«ፈረሰኛው ያለበት ላይ አንገቷ ይግባ። ታፋ ያለበት መላላጫ አይደርበውም። ክንፍ ለዚህ፣ ክንፍ ለዚያ። ቅር ያለው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እጣ አምጡ።»

እናቴ የሸሚዝ ቁልፍ ሰጠች፣ እትዬ ደብሪቱ የክብሪት እንጨት፣ እትዬ ወይንሸት ቆርኪ፣ እሳቸው አንድ ፍሬ ባቄላ። እኔ ዞር በይ ተብዬ ስለነበር የማን የማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ጣይ ሲሉኝ በየሳህኑ አጠገብ አንዳንድ ጣልኩ። ፈረሰኛው ለቆርኪው ወጣ። እትዬ ወይንሸት እልል አለች። የሳቀችውም እሷ፣ እልል ያለችውም እሷ።

ሰው ሁሉ ሳህኑን እየያዘ ወደ ቤቱ ገባ፤ የኛን የያዝኩት እኔ ነኝ። ገና ቁጭ ሳንል የግቢው በር ተንኳኳ። እማማ ይመናሹ ናቸው።

እማማ ይመናሹ የስንዱ እጮኛ የደምሴ አክስት ናቸው። ደምሴን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ እሳቸው ያላሉት ነገር አይሆንም። የልጅቷን ቤት ሊያዩ ቀጠሯቸው ለቅዳሜ ነበር፤ እትዬ ደብሪቱም ለቅዳሜ ብላ ለሙሉ ዶሮ ሁለት ወር ስታጠራቅም ከርማለች። ሴትየዋ ግን ቸኩለው በበዓሉ ቀን መጡ። እንግዲህ የእማማ ይመናሹ አመል ከሩቅ የተሰማ ነው፤ ወጥ በሳህን ሲቀርብላቸው አይበሉም። ድስቱን አስመጥተው፣ ራሳቸው ከፍተው፣ ብልቱን በጭልፋ ይቆጥራሉ። ካቻምና ለደምሴ የታጨች አንዲት ልጅ ቤት ሄደው አሥራ አንድ ሆኖ ቢያገኙት «ብልት የሚሰረቅበት ቤት ልጄን አልሰጥም» ብለው ጫማቸውን አድርገው ወጥተዋል። ልጅቷ እስካሁን አላገባችም።

ስንዱ እንግዳዋን አስቀምጣ ጠላ ስትቀዳ እትዬ ደብሪቱ ማድ ቤት ገባች። ድስቱ ውስጥ መረቅ ብቻ ነው ያለው። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አለቀልኝ» አለች። «ሦስት ብልት ይዤ ምን ልበል? የልጄን ትዳር በዶሮ ልጣ?»

እናቴ ወደ ቤታችን ሮጠች። ገብታ የኛን ሳህን አነሣችና ነጠላዋ ስር ደብቃ መጥታ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። ጋሽ ማንደፍሮም የራሳቸውን ይዘው መጡ። «ሰንጋው ወደ በረት ይመለስ» አሉ፤ ያን ሰዓት ግን የሳቀላቸው አልነበረም። ሁላችንም ወደ እትዬ ወይንሸት በር ነው የምናየው። ተዘግቷል።

«ባሏ ይመጣል ብላ ፈረሰኛውን አስቀምጣለታለች» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «በሦስት ዓመት አንዴ ነው በዓል የሚደርሰው። አትጠይቋት።»

ማንም አልጠየቃትም። በሩ ራሱ ተከፈተ። እትዬ ወይንሸት ሳህኗን ሳትሸፍን፣ በአደባባይ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ግቢውን አቋርጣ መጣች።

«ለስንዱ ነው» አለች። «ላንቺ እንዳይመስልሽ ደብሪቱ፤ አንቺ መጥረጊያዬን ከወሰድሽ ወር አለፈሽ።» ከዚያ ፈረሰኛውን በእጇ አንሥታ ቀስ አድርጋ መረቁ ውስጥ አስገባችው።

ድስቱ እንግዳዋ ዘንድ ገባ። እኛም «እንኳን አደረሰዎ» ለማለት በሚል ሰበብ ተከትለን ገባን። እማማ ይመናሹ ክዳኑን ከፈቱ፣ ሽታውን ሳቡ፣ ጭልፋውን ያዙ።

«እንቁላሉ ምነው አራት ብቻ ሆነ?»

«ሲበዛ ወጡን ይመጠዋል ብለን ነው» አለች እናቴ። ውሸት ላይ ጎበዝ ናት።

«አሃ።» ከዚያ መቁጠር ጀመሩ። እያንዳንዷን ብልት ከፍ አድርገው አይተው ወደ ጎን ይመልሷታል። ስምንት። ዘጠኝ። እትዬ ደብሪቱ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ አብራ እየቆጠረች ይሁን እየጸለየች አላውቅም። አሥር። አሥራ አንድ። ጭልፋው መረቁን ዞረው፣ ደግሞ ዞረው።

«አሥራ አንድ» አሉ። «አንድ ክንፍ የለችም።»

ከማድ ቤቱ እስከ ቤታችን አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ክንፍ ለመብላት አሥር ይበቃል። ድስቱ ተመልሶ እንደሚሞላ ማን ነገረኝ? ልናገር አፌን ከፈትኩ። ስንዱ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ ነኝ የበላኋት» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ።

እማማ ይመናሹ ቀና አሉ። «እርስዎ?»

«እኔ። ሆዴ ቸኩሎ ነው።»

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።»

ጋሽ ማንደፍሮ ከፈቱ። ሁለቱ ጥርሶች ታዩ።

«ክንፏን በድድ ነው የጋጡት?»

«ጎበዝ ድድ ነው ያለኝ።»

«ይተዉአቸው እማማ፣ ይዋሻሉ» አለች እትዬ ወይንሸት። «የበላሁት እኔ ነኝ። ሆዳም ነኝ፤ ሰፈሩን ይጠይቁ።»

«የለም፣ እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ለጨው ብዬ ቀምሼ ነው ያለቀችብኝ።»

እማማ ይመናሹ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። «አንዲት ክንፍ ሦስት ሰው በላት» አሉ። «ይህቺ ዶሮ ለመሆኑ ባለቤቷ ስንት ነው?»

እትዬ ደብሪቱ ናት የመለሰችው።

«አራት ቤት ነው እማማ። አልዋሽዎትም። የዶሮ ቅርጫ ነው የገባን። የደረሰኝ ሦስት ብልት ነው፤ ሌላውን እርስዎ ሲመጡ ከየሳህናቸው አውጥተው መለሱልኝ። ልጄን እንዳይተዉብኝ ብለው ነው። ከፈለጉ ይሂዱ፤ አልቀየምም።»

እማማ ይመናሹ ጭልፋውን ክዳኑ ላይ አስቀመጡ። እጃቸው ወደ ጫማቸው ሲሄድ አይቼ ሊወጡ ነው ብዬ ነበር፤ እግራቸውን ሊያሹ ኖሯል።

«እኔ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ» አሉ። «ባንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ዛሬ ሦስቱም የየራሳቸውን ዶሮ አርደው የየራሳቸውን በር ዘጉ። ሦስት ወጥ ይሸታል። ማንኛውን በር ላንኳኳ? አንዱ ዘንድ ብገባ ሁለቱ ይቀየሙኛል። ለዚህ ነው ቅዳሜን ያልጠበቅሁት።» ወደ ሦስቱ ዞሩ። «ብልት የሚሰርቅ ሰው በየቤቱ አይቻለሁ። ሌባው እኔ ነኝ ብሎ የሚሻማ ግን ዛሬ ማየቴ ነው።»

ከዚያ ዞር ብለው ወደ እኔ አዩ። በጣታቸው የራሳቸውን አገጭ ጠቆም ጠቆም አደረጉ። አገጬን ጠረግሁ፤ በርበሬ ነበር።

«በሉ ቁጭ በሉ፤ ሁላችሁም» አሉና ፈረሰኛውን አውጥተው ለጋሽ ማንደፍሮ አቀረቡ። «ይህ ለስላሳ ነው፤ ለዚያ ጎበዝ ድድዎ ይሆናል።» ስንዱንም ወደ ጎናቸው ሳቧት። «ሰርጉ ለጥር ይሁን፤ ደምሴም ኑሮን እዚህ መጥቶ ይማር።»

እትዬ ደብሪቱ አለቀሰች። እትዬ ወይንሸት ፈረሰኛውን በዓይኗ እየተከተለች ትንሽ ተቁነጠነጠች፤ የሰው አፍ ነገር አሁንም አልለቀቃትም።

«እማማ፣ ይህን ነገር ውጭ እንዳያወሩብን ብቻ አደራ። የዶሮ ቅርጫ ገቡ ተብሎ አገር ይሥቅብናል።»

እማማ ይመናሹ የጎረሱትን ዋጡና «ይሣቅ ተዪው ልጄ» አሉ፤ «ለተስማማ ጎረቤት፣ ዶሮም ሰንጋ ናት።»