ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ

አንድ ጊዜ፣ መብራት ሲመጣ ቤንዚን በሚጠፋበት፣ ቤንዚን ሲገኝ ደግሞ መብራት በሚሄድበት ዘመን፣ ከአንድ ረጅም ዳገት ሥር የሚኖሩ እንስሳት መኪና አማራቸው። ገበያውም ጤና ጣቢያውም ያለው ከዳገቱ አናት ላይ ነው። በቤንዚን ብቻ የሚሄድ መኪና ቢያመጡ ከማደያ ሰልፍ አይወጣም፤ በባትሪ ብቻ የሚሄድ ቢያመጡ መብራት እስኪመጣ ቆሞ ይውላል። ስለዚህ መካኒኩን ቀበሮን ጠሩና «ሁለቱንም የሚችል ሞተር ሥራልን። ለሰርግና ለበዓል አይደለም፤ በየቀኑ የሚሠራ» አሉት።

ቀበሮ ተንኮለኛ ቢሆንም እጀ ወርቅ ነው። አንድ ትንሽ የቤንዚን ሞተርና አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር በአንድ ኮፈን ሥር አጋባ። ሜዳውን የቤንዚኑ ይነዳዋል፤ ዳገት ሲመጣ ባትሪው ያግዘዋል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ጎማው እየዞረ ባትሪውን መልሶ ይሞላዋል። በዚያ መንደር ተጋብተው ሳይጣሉ የኖሩት እነዚህ ሁለት ሞተሮች ብቻ ናቸው።

ንጉሥ አንበሳ ሊመርቅ መጣ። ሪባኑን በጥርሱ ቆረጠና ጆሮውን አቅንቶ አዳመጠ።

«ለምንድነው የማያገሳው?» አለ ቅር ብሎት።

«ንጉሥ ሆይ፣ በባትሪ ሲሄድ ሳይጮህ ነው የሚሠራው» አለ ቀበሮ።

አንበሳ ሳይጮህ የሚሠራ ነገር አይቶ ስለማያውቅ ተጠራጠረ። ቢሆንም ንግግሩን ጀመረ። መሀል ላይ ታዳሚው አንቀላፋ፤ ጥቂት ቆይቶ ተናጋሪውም አንቀላፋ።

ሾፌርነቱ ለአያ ጅቦ ተሰጠ። ሾፌር ተሳፋሪ እንዳይበላ በስብሰባ ተወስኗል፤ አንድ ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቧል፤ የማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

መኪናውን ከሁሉ አብልጣ የምትጠብቀው እትዬ አህያ ነበረች። ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ ምጥ መንገድ ላይ ይዟት ነው። «ይህን እንኳ ጤና ጣቢያ ደርሼ ልውለደው» ትላለች፣ መኪናው ባለፈ ቁጥር ሆዷን እያየች።

አያ ጅቦ ግን በሆዱም በመኪናውም ያው ነው፤ የገባ እንዲወጣበት አይፈልግም። ቁልቁለት በደረሰ ቁጥር «ቤንዚን ልቆጥብ» ብሎ ማርሹን ዜሮ ላይ ያደርግና መኪናውን ይለቀዋል። አባቱ አሮጌ የጭነት መኪና የሚያወርደው እንዲህ ነበር፤ ልጅም ከአባቱ የወረሰው ይህንኑ ነው። ማርሽ ዜሮ ላይ ሲሆን ግን ጎማው ከሞተሩ ተለይቶ በከንቱ ይዞራል፤ ባትሪው ምንም አይደርሰውም። ሲመለስ ትንሹ ሞተር ዳገቱን ብቻውን ይጀምርና ያቃስታል፣ ያቃስታል፣ ይቆማል።

አያ ጅቦ መኪናውን በተሳፋሪ እያስገፋ ጋራዥ ደረሰ።

«ጋሽ ቀበሮ፣ ድረስልኝ! ዳገት እምቢ አለኝ።»

«ቁልቁለቱን እንዴት ነው የምትወርደው?»

«በዜሮ ነዋ! ሞኝ አደረግኸኝ እንዴ? ጠብታ ቤንዚን አላቃጥልም!»

ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገባው። «ማርሽ አስገብተህ ውረድ» ቢለው ያበቃ ነበር። ሊለውም አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ የተጋደመ የበግ እግር አየ።

«ሴንሰሩ ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ።

«ወይኔ! ሴንሰር ደግሞ ምንድነው?»

«ከባድ ነገር ነው። ዓይን አያየውም።»

«ታዲያ የማይታየውን እንዴት ትቀይረዋለህ?»

«ሳላይ።»

አያ ጅቦ በመልሱ በጣም ረካ። የበጉን እግር ለሥራው ዋጋ አወረደለት። ቀበሮ ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋ፤ መብራት ሲመጣ ባትሪውን ሞልቶ ሸኘው።

ከዚያ ወዲያ መኪናው ከመንገድ ይልቅ ጋራዥ ይውል ጀመር። አንዴ ሴንሰሩ ነው፤ ሌላ ጊዜ የሴንሰሩ ዘመድ ነው። ቀበሮ ወፈረ። ሚስቱ «ምነው እውነቱን ብትነግረው?» ስትለው «ነግሬው ምን ልንበላ ነው?» ይላታል። እሷም ከሥጋው ድርሻዋን ታነሳለች።

አንድ ማለዳ አህያን ምጥ ያዛት። ጎረቤት ተረዳድቶ ኋላ ወንበር ላይ አስተኛት። ቀበሮም ወደ ገበያ ሊወጣ ከፊት ተቀመጠ። ዳሽቦርዱን ሲያይ የባትሪው ምልክት ሊጠፋ ደርሷል። «እንደምንም ይደርስ ይሆናል» ብሎ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

አልደረሰም። ዳገቱ መሀል ሞተሩ አቃስቶ ቆመ።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ቆምክ?» አለች አህያ ጥርሷን ነክሳ።

«ሴንሰሩ ነው፣ እትዬ። አይዞሽ፣ ባለሙያው አብሮን አለ።»

አህያ ቀና ብላ ውጭውን አየች። «እዚሁ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያኛው የቀረብኝ እዚሁ ጋ ነው።»

ቀበሮ ፊቱን ከመስኮቱ መልሶ አህያን አየ፤ ከዚያ ወደ ጅብ ዞረ።

«ሴንሰር አይደለም» አለ። «ባትሪው ባዶ ነው። ባዶ የሆነውም ቁልቁለቱን በዜሮ ስለምትወርድ ነው። አሁን አዙርና ማርሽ አስገብተህ ወደ ታች ውረድ። ይሞላል፤ ከዚያ እንወጣለን።»

አያ ጅቦ በሳቅ ፈነዳ። «ላይ የሚሄድ ወደ ታች ይወርዳል? ደግሞ ዛሬ ምን ልትበላ ነው? ሥጋ አልያዝኩም!»

«እውነቴን ነው!»

«በፊትስ?»

«በፊት … ስዋሽህ ነበር።»

«ታዲያ የዛሬውን በምን ልለየው?»

ጅብ በዕድሜው ብልህ ጥያቄ የጠየቀው ያን ቀን ብቻ ነው። ቀበሮም «በቃ እኔ ልንዳው» ቢለው ጅብ «ጭራሽ መሪውን!» ብሎ ጥርሱን አሳየው።

አህያ ጮኸች። ቀበሮ የጅብን ጥርስ አየ፣ አህያን አየ፣ ከዚያ ጭራውን አንስቶ ወደ ጅብ አፍ አስጠጋ።

«እንካ፣ ያዘው። ታች ደርሰን ባትሪው ካልሞላ ቁረጠው።»

አያ ጅቦ እንዲህ ያለ ውል ገጥሞት አያውቅም። ወዲያው ጎረሰው። መኪናውን አዞረ፣ ማርሽ አስገባ። መኪናው በራሱ ያዝ እያደረገ፣ እያጉረመረመ ወረደ። የባትሪው ምልክት ቀስ በቀስ አረንጓዴ ለበሰ።

«እምምም!» አለ ጅብ ተገርሞ።

«አትናገር! ስትናገር ትነክሰኛለህ!»

«ክርክራችሁን ከወለድኩ በኋላ!» አለች አህያ ከኋላ።

ከሥር አዙረው ተነሡ። ሁለቱ ሞተሮች ተጋግዘው ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጡት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ጦጢት በር ላይ ተቀበለቻቸው፤ ብዙም ሳይቆይ የውርንጭላ ድምፅ ተሰማ።

«አየህ አይደል፣ አያ ጅቦ?» አለ ቀበሮ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ። «ሞልቶ ወጥተናል። በል ልቀቀኝ።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ጊዜ ወሰደበት።

«የዛሬው እውነት ነው» አለ በተዘጋ ጥርሱ። «ይሄ ግን ለበፊቱ ነው።»

ቀጭ!

ቀበሮ የተረፈውን ጭራ በእጁ አፍኖ እያለቀሰ ጤና ጣቢያው ገባ። ሲስተር ጦጢት ከአህያ አጠገብ አስተኛችው።

«ይሄኛው ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«እሱም ምጥ ላይ ነበር» አለች አህያ ውርንጭላዋን እየላሰች። «እውነት ወልዶ ነው። ትንሽ ቆየበት እንጂ በሰላም ተገላግሏል።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሚያውቀውን ደብቆ ከሌላው አለማወቅ የሚበላ ባለሙያ እውነቱን ለመናገር በቆረጠ ዕለት እንኳ ያለ መያዣ የሚያምነው እንደማያገኝ ነው።