እመት ጃርትን ያስነጠሳት ማን ነው?

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን ወዲህ በሉልኝ። እንስሳት እንደ ጎረቤት በሚጠያየቁበት፣ ነፋስም ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት በዚያ በድሮ ጊዜ፣ ከወንዝ ማዶ እመት ጃርት የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያጽናናት ጓሮዋ ነበር። ባቄላ ዘርታለች፣ ዱባ ተክላለች። በጓሮው መካከል ደግሞ ባሏ በሕይወት ሳለ የተከላት አንዲት ጽጌረዳ ነበረች። እመት ጃርት ጠዋት ጠዋት አፈሩን ትኮተኩታለች፤ ሲደክማት ከጽጌረዳዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ፀሐይ ትሞቃለች።

አንድ ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሁሉ ሲያብብ ክፉ ነገር መጣባት። ወደ ጓሮዋ ብቅ ስትል ታስነጥሳለች። ዓይኗ ያሳክካታል፣ አፍንጫዋ እንደ ምንጭ ይወርዳል። አንዱን አስነጥሳ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። ጎረቤቶቿ «ይማርሽ» እያሉ ደከሙ፤ እሷም «ያኑራችሁ» ለማለት ፋታ አጣች።

ይህን ሁሉ ጦጢት ከዛፍ ላይ ሆና ታይ ነበር። ጦጢት የሰው ጓሮ እንጂ የራሷ ጓሮ ኖሯት አያውቅም። ወረደችና እጅግ ያዘነች መስላ፣ ያሳመማት የባቄላው አበባ እንደሆነ ነገረቻት። እመት ጃርት እያለቀሰች ባቄላውን ነቀለች። ጦጢትም እኔ እጥልልሻለሁ ብላ እሸቱን ተሸክማ ሄደች።

ማስነጠሱ ግን አልተወም።

በሳምንቱ ጦጢት ተመልሳ መጣች። አሁን ደግሞ ጥፋተኛው ዱባው ነው አለች። እመት ጃርት ዱባውን ከነሐረጉ ነቀለች። ጦጢት ዱባ ዱባውን እያንከባለለች ወሰደች።

ማስነጠሱ አሁንም አልተወም።

በሦስተኛው ሳምንት ጦጢት መጥታ ጽጌረዳዋን አየቻት።

«እንግዲህ የቀረችው እሷ ናት፤ ንቀያት» አለች። «እሷም ተነቅላ ካልተሻለሽ መሬቱ ራሱ ጠልቶሻል ማለት ነው። ለእኔ ተዪልኝና ቤትሽን ዘግተሽ ተቀመጪ።»

ጦጢት ስትሄድ እመት ጃርት ዶማዋን ይዛ ከጽጌረዳዋ አጠገብ ቆመች። ዶማውን አነሳች፤ ግን መልሳ አወረደችው። ያቺ ጽጌረዳ ስትተከል ጉድጓዱን ከባሏ ጋር አብራ ነበር የቆፈረችው።

ጽጌረዳዋም በቀስታ ተናገረች። «እመት ጃርት፣ መንቀሉን ትደርሺበታለሽ። የእኔ ብናኝ ከባድ ነው፤ ንብ ካልተሸከመችው ከአበባዬ አይወጣም። አፍንጫሽ ድረስ የሚመጣውን የሚያውቀው አምጪው ነው። ነፋስን ጠይቂው።»

እመት ጃርት ዶማዋን አስቀምጣ ነፋስን ጠራችው።

«አያ ነፋስ፣ ምንድን ነው የምታመጣብኝ?»

«ከአጥርሽ ሥር የበቀለውን የሙጃ ሣር ብናኝ ነዋ» አለ ነፋስ። «አበባው ስለማያምር ማንም ልብ አይለውም። ብናኙ ግን ከጭስ ይቀላል።»

«ይህን እያወቅህ ምነው ዝም አልከኝ?»

«አልጠየቅሽኝማ። አሁን ከጠየቅሽኝ ግን ጊዜዬንም ልንገርሽ። ፀሐይ ሲበረታና ምድር ሲደርቅ ብዙ እሸከማለሁ። ዝናብ ሲያባራ ብናኙ ረጥቦ ይተኛል፤ እኔም እጄ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ውጪ።»

እመት ጃርት ጎረቤቷ አያ ከርከሮ ዘንድ ሄዳ ሙጃውን እንዲያነሳላት ለመነችው። ከርከሮ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሙጃውን እየበሉ፣ ሥሩን እየፈነቀሉ አጸዱት። እሷም ሦስቱን ቀን ደጇን ዘግታ ቆየች።

በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ቀስ ብላ ወጣች። ቆመች፤ ጠበቀች፤ አላስነጠሳትም። ከስንት ሳምንት በኋላ የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተታት። እንደ ድሮዋም ከጽጌረዳዋ አጠገብ ቁጭ አለች።

ፈጽማ ግን አልዳነችም። ሙጃ በማዶውም ተራራ ላይ አለ። ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን ቤቷ ትውላለች፤ መውጣት ግድ ሲሆንባት አፍንጫዋን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ስትመለስም እሾኋን በውሃ ታጥባለች። ዝናብ ባባራ ቁጥር ግን ከጓሮዋ የሚያስቀራት የለም።

አንድ ቀን ባቄላ እየዘራች ሳለ ጦጢት መሬቱን ልትረከብ መጣች። ጽጌረዳዋ አብባ ስታይ ለምን እንዳልነቀለቻት ጠየቀቻት።

እመት ጃርት ከሥራዋ ቀና አለች። «ጦጢት፣ ምክርሽ ባቄላዬን በላ፣ ዱባዬን በላ፣ ሕመሜን ግን አልነካውም። ከእንግዲህ ሲያመኝ የምጠይቀው ሆዱ ያልራበውን ነው።»

ጦጢትም ወደ ዛፏ ተመለሰች። እመት ጃርት የቀራትን ዘር ዘርታ ጨረሰች።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈች። እናንተም ይህን ያዙ፦ ጠላቱን ያልለየ ገበሬ ወዳጁን ይነቅላል።